ስቲከር የመኪናዬን ቀለም ይዞ ይነሳል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂው ጅማ፣ ቆጪ አካባቢ ነው የሚኖረው። ብርማ ቀለም ያላት ያገለገለች ኮሮላ ገዝቷል። ሐምሌ ላይ ተጋጭቶ ኮፈኑና የግራ የፊት በሩ ስቱኮ (የተጎዳ ብረት የሚሞላበት ማስተካከያ) ተመትተው ተቀብተዋል። አሁን መስከረም ነው፣ መኪናዋን ሙሉ በሙሉ ማት (የማያብረቀርቅ) ጥቁር ስቲከር ማልበስ ይፈልጋል። ሊሸጣት ሲል ደግሞ ስቲከሩን አንስቶ የፋብሪካ ቀለሟን ለገዢ ማሳየት ያስባል። ጓደኛው «ስቲከር ቀለም ይልጣል፣ ተው» ብሎታል። ሁለት ቦታ ዋጋ ጠይቆ አንደኛው የሌላኛውን ግማሽ ነው ያለው። በመጨረሻም «እቃውን ገዝቼ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ብሠራውስ?» ይላል።

ወንድሜ፣ መልሴን ከላይ ልንገርህና ከዚያ ምክንያቱን እዘረዝርልሃለሁ። የፋብሪካ ቀለም ያለበትን የመኪናህን ክፍል ጥሩ ስቲከር አይጎዳውም። ኮፈኑንና የግራ በሩን ግን አሁን እንዳታስነካ። ጓደኛህ ያለው ነገር የሚሆነው እዚያ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስቲከሩ ከቀለሙ ጋር የሚያያዘው በማጣበቂያ ነው። ቀለሙ ደግሞ ከብረቱ ጋር የሚያያዘው በራሱ ጥንካሬ ነው። ስቲከሩን ስትጎትት ከሁለቱ ደካማው ይለቃል። ኖራ የተቀባ ግድግዳ ላይ የለጠፍከውን ፖስተር ስታነሳ ኖራው አብሮ የሚመጣው ፖስተሩ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ኖራው ግድግዳውን በደንብ ስላልያዘ ነው። መኪናም ላይ ይሄው ነው የሚሆነው። ፋብሪካ ውስጥ ብረቱ ታጥቦ፣ ዝገት መከላከያ ተነክሮ፣ ፕራይመር (የሥር ቀለም)፣ ዋናው ቀለምና ክሊር (ከላይ የሚቀባው ቀለም አልባ መከላከያ) ተቀብቶ በ140 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ይጋገራል። እንዲህ ያለ ቀለም በስቲከር ማጣበቂያ አይነሳም። ጋራዥ የተቀባው ግን በጥሩ ምድጃ ውስጥ እንኳ ቢደርቅ የሚያገኘው ሙቀት 60 ዲግሪ ቢሆን ነው። አብዛኛው ደግሞ ምድጃ አያይም፣ በአየር ነው የሚደርቀው። ያንተው ሐምሌ ላይ፣ በጅማ ዝናብና እርጥበት ውስጥ ነው የተቀባው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ስቲከር መምረጥ አይደለም። የመኪናህን ቀለም ታሪክ ማወቅ ነው። ያገለገለ መኪና ስለገዛህ አንተ ከምታውቃቸው ከሁለቱ ክፍሎች ሌላ፣ ከአንተ በፊት የተቀባ ቦታም ሊኖር ይችላል። ሻጭ ሁሉን አይናገርም።

እንዴት ታውቃለህ? የቀለም ውፍረት የሚለካ መሣሪያ ያለው ሰው ካገኘህ በጣም ጥሩ። የፋብሪካ ቀለም ሁሉም ንብርብሩ ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 150 ማይክሮን ነው (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። 300 ካነበበ ላዩ ላይ ተደርቦ ተቀብቷል። ከ1000 በላይ ከሄደ ከሥሩ ስቱኮ አለ። መሣሪያ ከሌለ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ በሮቹና ፓራፋንጎዎቹ ላይ አስኪደው። ስቱኮ ያለበት ቦታ ሲደርስ ይላላል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይወድቃል። ፓራውልቱ ላይ አትሞክረው፣ ፕላስቲክ ነው። ከዚያ የኮፈኑን ማጠፊያ ብሎኖች እያቸው። ቁልፍ የነካቸው ብሎኖች ጥግ ጥጋቸው ላይ ቀለማቸው የተላጠ ይሆናል። የበር ጎማዎችን ገልበህ ከሥራቸው እይ። የቀለም ብናኝ ወይም የወረቀት ፕላስተር የተለጠፈበት መስመር ካየህ ያ በር ተቀብቷል።

ተቀብቶ የተገኘ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ጅማ ውስጥም ጥሩ አድርገው የሚቀቡ ባለሙያዎች አሉ። የምትፈትነው እንዲህ ነው። ነጭ ጨርቅ ቲነር ትንሽ አስነክተህ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ የበሩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ፣ ጥቂት ሰከንድ እሸው። ማጠንከሪያ ማለትም ሃርድነር ገብቶበት በደንብ የደረቀ ቀለም ጨርቁን አያቀልመውም። ቀለሙ ጨርቁ ላይ ከመጣ ወይም የታሸው ቦታ ከተጣበቀ ቀለሙ ወይ ሃርድነር የለውም ወይ ገና አልደረቀም። በሁለቱም መንገድ ስቲከር አይለበስበትም። ይሄን ካለፈ ሁለተኛ ፈተና አለ። ልታለብሰው ካሰብከው ከራሱ ስቲከር አንድ ቁራጭ በበሩ ታችኛ ክፍል ለጥፈህ ቢያንስ አንድ ቀን ተወው፣ ከዚያ በቀስታ አንሳው። ቁራጩ ጀርባ ላይ የቀለም ጠብታ እንኳ ካየህ ጉዳዩ አልቋል፣ መጀመሪያ ቀለሙ ተፍቆ በደንብ መቀባት አለበት።

አዲስ ቀለም ላይ ለምን እንደማይቸኮል ልጨምር። ቀለሙ ሲነካ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ያለው ቲነር ለሳምንታት ቀስ እያለ ይተናል። ላዩን በስቲከር ስትዘጋው ትነቱ መውጫ ያጣል። ከዚያ አረፋ ይሠራል፣ ማጣበቂያው ይላላል፣ ቀለሙም ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። አምራቾቹ ለአዲስ ቀለም ቢያንስ ሦስት ሳምንት ወይም አንድ ወር ጠብቁ ይላሉ። ይሄ ግን በሥርዓት ለተቀባና ለደረቀ ነው። በአየር የደረቀ፣ ያውም በክረምት የተቀባ ከሆነ እኔ ሦስትና አራት ወር እጠብቃለሁ። ያንተ ሁለት ወሩ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ፀሐይ ይምታው። ኅዳር መጨረሻ ላይ ፈትነውና ካለፈ ያኔ አልብሰው። «የቀረውን አሁን ላልብስ፣ ሁለቱን በኋላ» እንዳትል። የተለያየ ጊዜ የተገዛ ጥቅልል በጥቁር ማት ላይ እንኳ ልዩነት ሊያሳይ ይችላል፣ ፀሐይ የመታውና ያልመታውም አይመሳሰሉም። ሙሉውን አንድ ላይ ይሻላል።

ስቱኮ የተመታበት ቦታ ላይ ሌላም ነገር አለ። ስቱኮ ውሃ ይስባል። ስቱኮው በደንብ ሳይደርቅ ወይም በውሃ ብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ እርጥበቱ ሳይወጣ ከተቀባ ቀለሙ ከሥር ያብጣል። ስቲከር ስትለብሰው እብጠቱ አይታይህም፣ ዝገቱ ግን ሥራውን ይሠራል። ለዚህ ነው ዝገት ያለበት፣ ድንጋይ መትቶ ብረቱ የታየበት ወይም ክሊሩ የተቀረፈበት ቦታ ላይ ስቲከር አልብሱ ሲሉኝ እንቢ የምለው። ከድሮው የአጋሮ መንገድ ጠጠር የቀመሱ ኮፈኖች ይመጣሉ፣ ትናንሽ ነጥቦች ይሞላቸዋል። መጀመሪያ ነጥቦቹ በቀለም ይነካካሉ፣ ይደርቃሉ፣ ከዚያ ነው ስቲከር። ስቲከር ጉድለት አይሸፍንም። ከዓይን ይሰውረዋል፣ ከሥሩ ግን እንዳለ ይኖራል።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ። አንዱ ግማሽ ዋጋ ያለህ በአብዛኛው የስቲከሩ ዓይነት ስለሚለይ ነው። ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንደኛው ካስት የሚባለው ነው። ፈሳሹ ቪኒል (ስቲከሩ የሚሠራበት ፕላስቲክ) በስሱ ፈስሶ እንዲደርቅ ተደርጎ ይሠራል። ማንም ስላልወጠረው ውስጡ ውጥረት የለውም። በመኪና ቅርጽ ላይ ይታዘዛል፣ አይሸበሸብም። ሁለተኛው ካለንደርድ የሚባለው ነው። በጋሉ ብረት ጥቅልሎች መሐል እየተዳመጠና እየተወጠረ ነው የሚወጣው።  ዋጋው ረከስ ይላል። ለሱቅ ማስታወቂያ፣ ለጠፍጣፋ ሰሌዳ፣ ለመስታወት ጥሩ ነው። ግን ሲሠራ የተወጠረውን ያስታውሳል። ፀሐይ ሲመታው ወደ ድሮ መጠኑ መመለስ ይፈልጋል፣ ጠርዝ ጠርዙ ይሸሻል፣ የሸሸበት ቦታ ላይ ቆሻሻ የያዘ የሙጫ መስመር ይቀራል። ብዙዎቹ ደግሞ ማጣበቂያቸው እንዲነሳ ታስቦ አልተሠራም። ከዓመታት በኋላ ሲነሳ ፕላስቲኩ ተሰባብሮ ይመጣል፣ ሙጫው ቀለሙ ላይ ይቀራል። ሙጫውን ለማንሳት ደግሞ ሰው ቲነርና ስፓቱላ ያነሳል። ቀለሙ የሚበላሸው ያኔ ነው።

መኪና ለማልበስ የተሠሩ ካስት የሆኑ የታወቁት የ3ኤም 2080፣ የኤቨሪ ዴኒሰን ሱፕሪም ራፒንግ ፊልም እና የኦራካል 970 ናቸው። ስማቸውን ስነግርህ እነዚህን ብቻ ግዛ ማለቴ አይደለም፣ ማወዳደሪያ እንዲሆንህ ነው። «ኦራካል ነው» ቢሉህ ብቻ አትርካ። ኦራካል 651ም ኦራካል ነው፣ እሱ ግን ካለንደርድ ነው፣ ለማስታወቂያ ሥራ ነው የሚሆነው። ቁጥሩን ጠይቅ። ጥቅልሉ ጀርባ ያለው ወረቀት ላይ የአምራቹ ስም የታተመ መሆኑን እይ። ስሙ ብቻውን በቂ ማረጋገጫ አይደለም፣ ተመሳስሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ራስህ ሞክር። የመዳፍህን ያህል ቁራጭ ለምናቸው። መስታወት ላይ ለጥፈህ መሐሉን በመስቀል ቅርጽ በምላጭ ሰንጥቀው፣ ከዚያ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ጥቂት ቀን ተወው። ስንጥቁ አፉን ከከፈተ እየሸሸ ነው፣ ተመለስ። እንደ ክር ቀጭን ሆኖ ከቀረ ጥሩ ምልክት ነው።

ለኮሮላ ዓይነት መኪና 1.52 ሜትር ስፋት ካለው ጥቅልል ከ15 እስከ 18 ሜትር አካባቢ ይፈጃል። አንድ ቤት በ10 ሜትር እጨርስልሃለሁ ካለህ ብዙ ቦታ ይቀጣጥላል ወይም ከልክ በላይ ይወጥራል ማለት ነው። የተወጠረ ስቲከር ይሳሳል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ ከዚያም ይሸሻል።

ስለ ቢላ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም በኔ እምነት ከሙጫ ይልቅ ቀለም የሚጎዳው ቢላ ነው። ስለ ሙጫ ሁሉም ይጠይቃል፣ ስለ ቢላ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። መኪናው ላይ ያለው ክሊር 40 ወይም 50 ማይክሮን ነው፣ የፀጉር ውፍረት አይሞላም። ሠራተኛው ስቲከሩን መኪናው ላይ አድርጎ ትርፉን በምላጭ ሲቆርጥ ትንሽ ከተጫነ ምላጩ ክሊሩን አልፎ ቀለሙን፣ አንዳንዴም ብረቱን ያገኛል። ያኔ አይታይም። ስቲከሩ ጠርዙን ሸፍኖታል። መኪናዋ ቆንጆ ሆና ትወጣለች። ከሦስት ዓመት በኋላ ስቲከሩ ሲነሳ በመብራቱ ዙሪያ፣ በእጀታው ዙሪያ፣ በጣሪያው ጠርዝ ላይ የምላጭ መስመር ይወጣል። እንደ ጅማ ውሃ በማይለይበት አገር ደግሞ መስመሩ ዝገት ይዞ ነው የሚጠብቅህ። ባለቤቱም «ስቲከሩ ቀለሜን በላው» ይላል።

መፍትሔ አለው። ውስጡ ቀጭን ክር ያለው ቴፕ አለ። መጀመሪያ ቴፑን መቁረጥ በምትፈልገው መስመር ትለጥፋለህ፣ ስቲከሩን በላዩ ታለብሳለህ፣ ከዚያ ክሩን ትጎትታለህ፣ ክሩ ስቲከሩን ከሥር እየቆረጠ ይወጣል። ምላጭ ቀለሙን አይነካም። ልታሠራ ስትሄድ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ክር ያለው ቴፕ ትጠቀማላችሁ?» ብለህ ይሁን። ምን እንደሆነ ካላወቁ ተጠንቀቅ። ሁለተኛው ጥያቄ «እጀታውን፣ ስፖኪዮውን፣ መብራቱን ትፈታላችሁ ወይስ ዙሪያውን ትቆርጣላችሁ?» ነው። የሚፈታ ሰው ስቲከሩን ከእቃው ሥር አስገብቶ ውጭ ላይ ይቆርጠዋል። ጊዜ ይወስዳል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል፣ ግን ምላጩ ከቀለምህ ይርቃል። በምላጭ መቆረጥ ያለበት ቦታ ሲያጋጥም ጎበዝ ሠራተኛ የሚቆርጠው በጠርዙ ላይ ወይም በክፍተቱ ውስጥ ነው፣ ሜዳው ላይ በፍጹም አይደለም። የምላጩንም የደነዘ ጫፍ ቶሎ ቶሎ እየሰበረ አዲስ ስለት ያወጣል። የደነዘ ምላጭ ጉልበት ይጠይቃል፣ ጉልበት ደግሞ ቀለሙን ያገኛል። ሠራተኛው በአንድ ምላጭ ሙሉ መኪና ሲጨርስ ካየህ ያንተን እንዳይነካ።

ማጽዳቱም እንደዚያው ነው። የጅማ ቀይ አፈር የደቀቀ ሸክላ ነው፣ በጣም ይጣበቃል። በደረቅ ጨርቅ ከጠረግከው ቀለሙን ይፈቀዋል። መጀመሪያ በብዙ ውሃ ይለቅ፣ ከዚያ ፈሳሽ ሳሙና፣ እንደገና ውሃ። ዛፍ ሥር የምትቆም መኪና ከሆነች የዛፍ ሙጫና የወፍ ኩስ ይኖርባታል፣ እሱ በክሌይ ባር፣ ቆሻሻ ለቅሞ በሚያነሳ ለስላሳ የጭቃ ዓይነት ማጽጃ፣ ነው የሚነሳው። ሰም፣ ፖሊሽ፣ ጎማ ማብሪያ ሲሊኮን ካለባት ስቲከሩ አይይዝም። የመጨረሻው ጽዳት ሁለት እጅ አይሶፕሮፒል አልኮል በአንድ እጅ ውሃ ተደርጎ፣ ክር በማይለቅ ጨርቅ ነው። የእጅ ሳኒታይዘር እንዳትጠቀም፣ ግሊሰሪን አለበት፣ ቀለሙ ላይ ቅባት ይተዋል። ቤንዚንም አይሆንም። በበሮቹ ክፍተት፣ በበር ጎማዎቹ ሥር፣ በታርጋው ጀርባ የቀረ ውሃ ስቲከሩ ከተለበሰ በኋላ ሾልኮ ይወጣና ጠርዙን ያነሳል። ስለዚህ ማታ ታጥባ አድራ ጠዋት ቢሠራ ይመረጣል።

ከዚህ ጋር «ግቢዬ ውስጥ ብሠራውስ?» ላልከው ልመልስልህ። ሙሉውን መኪና አትሞክረው። ችሎታህን ንቄ አይደለም፣ ቦታው ስለማይመች ነው። ግቢ ውስጥ ንፋስ አለ፣ አቧራ አለ። አንዲት አሸዋ ከሥር ከገባች ነጥብ ሆና ትታያለች፣ ስትጫናት ደግሞ ክሊሩን ትጭራለች። ፀሐይ ያጋለው ብረት ላይ ስቲከሩ ገና ሲነካ ስለሚይዝ ማስተካከያ ጊዜ አይሰጥህም። ቅዝቃዜም እንደዚያው ችግር ነው። በበጋ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የጅማ ጠዋት ብርድ ነው። ብረቱ ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ ማጣበቂያው በደንብ አይይዝም። ጥሩው ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ነው። ዝግ ቤት፣ ወለሉ ውሃ የተረጨበት፣ ሥራው ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ የሚጀመርበት ቦታ ይሻላል። መሞከር በጣም ካማረህ ግን ጣሪያውን ከጓደኛህ ጋር ሆነህ ሞክር፣ ሰፊና ለጥ ያለ ስለሆነ ብዙ መወጠር አይፈልግም። አንድ ሰው ይይዛል፣ አንዱ ከመሐል ወደ ጠርዝ ጫፉ ጨርቅ በለበሰ ስኩዊጂ፣ ማለትም በፕላስቲክ መጫኛ፣ ይጫናል። ፓራውልትና ስፖኪዮ ግን ለባለሙያም ከባድ ናቸው።

ሙቀት ላይ ሁለት ስህተት አያለሁ። አንዱ አለማሞቅ ነው። ስቲከሩ የተወጠረበት ቦታ ሁሉ ሥራው ሲያልቅ ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ባለው ሙቀት መመታት አለበት፣ አለዚያ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይሄን በዓይን አታውቀውም፣ ሳይነካ የሚለካ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። ግንባር ላይ የሚደገነው ዓይነት ለሰውነት ሙቀት የተሠራ ነውና ለዚህ አይሆንም። ሁለተኛው ስህተት ሂት ጋኑን (ትኩስ አየር የሚነፋውን ማሞቂያ) አንድ ቦታ አቁሞ መያዝ ነው። የፋብሪካ ቀለም በ140 ዲግሪ ስለተጋገረ ለጥቂት ሰከንድ 100 ዲግሪ ቢያገኘው ምንም አይለውም። በአየር የደረቀው ያንተ ኮፈን ግን እንዲህ ያለ ሙቀት አይቶ አያውቅም። ይለሰልሳል፣ ስቱኮው ይንቀሳቀሳል። ፕላስቲኩ ፓራውልትም ይጣመማል። እጅ ሳይቆም መሄድ አለበት።

አንድ ሌላ ነገር፣ ፕራይመር 94 የሚባል ፈሳሽ አለ። ስቲከሩ አልይዝ ያለበት ጠርዝ ላይ ተቀብቶ ማጣበቂያውን ያጠነክረዋል። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን እንደ ውሃ የሚቀቡት አሉ። የተቀባበት ቦታ ሲነሳ አስቸጋሪ ነው፣ ደካማ ቀለም ከሆነም ይዞት ይመጣል። አንተ ወደፊት ልታነሳው ስለምታስብ ከመጀመሪያው «በቀለም ላይ እንዳትቀቡብኝ» በላቸው። ጥልቅ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ከመወጠርና ፕራይመር ከመቀባት ይልቅ በሁለት ቁራጭ ማልበስ ይቻላል።

መኪናዋ ከተለበሰች በኋላ ለመጀመሪያው ሳምንት አትጠብ። ከዚያ በኋላ ላቫጆ ስትወስዳት ሦስት ነገር ተናገር። የግፊት ውሃው ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ከጎን ወደ ጠርዝ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ይምታ። ናፍጣ እንዳይረጩባት፣ ከሥር ጭቃ ለማስለቀቅ ብለው የሚረጩት ናፍጣ ጠርዝ ውስጥ ገብቶ ማጣበቂያውን ይበላዋል። ማት ስቲከር ሰምና ፖሊሽ አይፈልግም፣ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀርበታል። ወደ አዲስ አበባ የምትመላለስ ከሆነ ደግሞ ጊቤ ወርደህ ከወጣህ በኋላ ጠርዞቹን እይ። ቆላው ሙቀት ከጅማ ብርድ ቀጥሎ ሲመጣ በደንብ ያልሞቀ ጠርዝ ራሱን ያሳያል። ገና ትንሽ ሲነሳ አስገብተህ ብታሞቀው ይመለሳል፣ አቧራ ከገባበት ግን ያ ቁራጭ መቀየር ነው ያለበት።

ቀለም የማዳኑ ትልቁ ነገር ግን በጊዜ ማንሳት ነው። ሰው ስቲከሩ እስኪሰነጣጠቅ ይጠብቃል። ያኔ ረፍዷል። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1700 ሜትር በላይ ናት፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ነች፣ ደመናው ሲገለጥ ፀሐይዋ ኃይለኛ ናት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያያቸው ኮፈኑና ጣሪያው ናቸው፣ ከጎኖቹ በጣም ቀድመው ያረጃሉ። አምራቾችም ለእነዚህ የሚሰጡት ዋስትና ያጠረ ነው። እኔ የምመክርህ ጥሩ ካስት እንኳ ቢሆን ኮፈኑንና ጣሪያውን በሦስተኛው ዓመት፣ ጎኖቹን በአምስተኛው ዓመት እንድታነሳ ነው። ገና ለስላሳ ሳለ ሲነሳ ሙሉ ቆዳ ሆኖ ይመጣል። በተረፈ መኪናዋን ሙሉ ማልበስህ ጥሩ ነው። ከፊሉን ብቻ ቢሆን ፀሐይ ያየውና ያላየው ቀለም ይለያያል። ማስታወቂያ ለጥፈው በኋላ ያነሱ ባጃጆች ላይ የፊደሎቹ ቅርጽ ተስሎ ሲቀር አይተህ ይሆናል። ያ ሙጫ አይደለም፣ ዙሪያው ደብዝዞ ነው።

ሲነሳ እንዲህ ይደረጋል። መኪናዋ ፀሐይ ላይ ትቁም። አንዱን ጥግ በጥፍር ወይም በፕላስቲክ ካርድ አስነሳ፣ በብረት አይደለም። በ50 እና በ60 ዲግሪ መሐል አሙቀው፣ እጅህን ስታስነካው ትኩስ ሆኖ ግን የማያቃጥል ያህል። ስቲከሩን ወደ ራሱ አጥፈህ ዝቅ አድርገህ በቀስታ ጎትት። ወደ ላይ ቀጥ አድርገህ ከነጠቅከው ጉልበቱ ሁሉ ቀለሙ ላይ ነው የሚያርፈው። ብርድ እያለ አትጀምር፣ ይሰባበራል። የተቀባው ኮፈንና በር ላይ ስትደርስ ከበፊቱ በእጥፍ ቀስ በል። ቀለም ብቅ ሲል ካየህ ወዲያው አቁምና ከሌላው ጥግ ጀምር። የቀረ ሙጫ ካለ አይሶፕሮፒል አልኮል ወይም ከሎሚ ልጣጭ ዘይት የተሠራ ሙጫ ማስለቀቂያ በጨርቅ አድርገህ ጥቂት ደቂቃ አስረግጠው፣ ከዚያ ጥረገው። አሴቶንና ቲነር ጋራዥ የተቀባውን ቀለም ሊያሟሙት ይችላሉ፣ አታስነካው።

ከሥራው በፊት የሚቀሩ ሁለት ነገሮች አሉ። ሊብሬህ ላይ የመኪናዋ ቀለም ተጽፏል፣ ብርማ ነው የሚለው። ሙሉ ጥቁር ልታደርጋት ስለሆነ አስቀድመህ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ጠይቅ፣ ቦሎ ልታሳድስ ስትሄድም ሆነ ትራፊክ ሲያስቆምህ መልስ ይኑርህ። ሌላው ስምምነት ነው። ከመስጠትህ በፊት እያንዳንዱን ክፍል በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሳ። የስቲከሩ ስምና ቁጥር፣ ክር ያለው ቴፕ እንደሚጠቀሙ፣ እቃዎቹ እንደሚፈቱ በወረቀት ይስፈር። ለተቀባው ኮፈንና በር «ኃላፊነት አንወስድም» ቢሉህ አትቀየማቸው፣ ልክ ናቸው። ለፋብሪካው ቀለምም ኃላፊነት አንወስድም ካሉ ግን ሌላ ቤት ፈልግ።

ለጊዜው የኮፈኑን ማጠፊያ ብሎኖች፣ የግራ በሩን ጎማ ሥርና ርካሽ ያሉህን የስቲከሩን ጀርባ ወረቀት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ቲነሩን በነጭ ጨርቅ ከሞከርክም ጨርቁን አብረህ አንሳው፣ ኅዳር ይብቃው ወይስ እንደገና ይቀባ የሚለውን ከእሱ አይቼ እነግርሃለሁ።